ለሽንኩርት የሚሆን ሰልፈር ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ሽንኩርት ሲከተፍ ዓይን የሚያስነባው ከሰልፈር የሚሠራ ውህድ ነው። በአሜሪካ ጆርጂያ የሚመረተው የቪዳሊያ ሽንኩርት እምብዛም የማያቃጥለው አፈሩ ሰልፈር ስለሚያንሰው ነው። ለእኛ ወጥ ግን የሚያቃጥለው ይሻላል፤ ስለዚህ ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ እንገዛለን። ስንመርጥ ግን የሚከተሉትን ስህተቶች እንሠራለን።

በኩንታል ዋጋ ማወዳደር
ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የምንገዛው ከረጢቱን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ነው። አሞኒየም ሰልፌት 24 በመቶ፣ ንጹሕ ጂፕሰም ከ18 በመቶ ትንሽ የሚበልጥ፣ ከሸክላ ጋር ተደባልቆ በፍሬ መልክ የሚሸጠው ድኝ (ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ያልተዋሐደ ሰልፈር) ደግሞ 90 በመቶ ገደማ ሰልፈር አላቸው። ለአንድ ሄክታር 30 ኪሎ ሰልፈር ያስፈልጋል እንበል። ከድኙ 33፣ ከአሞኒየም ሰልፌት 125፣ ከጂፕሰም ከ160 በላይ ኪሎ መግዛት አለብን፤ የማጓጓዣውም ወጪ በዚያው ልክ ይለያያል። ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። 125 ኪሎ አሞኒየም ሰልፌት 26 ኪሎ ናይትሮጅን ይዞ ይመጣል፤ ይህም 57 ኪሎ ዩሪያ እንደማለት ነው። የዚያን ዩሪያ ዋጋ ሳይቀንሱ «ውድ ነው» ማለት ማዳበሪያውን ማማት ነው። ዩሪያውንም ሳይቀንሱ ሁለቱን ደርቦ መስጠት ሌላ ጥፋት ነው፤ ናይትሮጅን የበዛበት፣ በተለይም ዘግይቶ የተሰጠው ሽንኩርት አንገቱ ይወፍርና መጋዘን ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል።

ከድኝ ፈጣን ውጤት መጠበቅ
ሥር የሚወስደው ሰልፌት የተባለውን የሰልፈር ዓይነት ነው። ድኝን ወደ ሰልፌት የሚለውጡት የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነርሱም ሙቀት፣ እርጥበትና ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋሉ። ሽንኩርቱ ችግኙ ከተዛወረ በኋላ ማሳ ላይ የሚቆየው ከሦስት እስከ አራት ወር ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ድኝ የሚበትን ሰው ለቀጣዩ ሰብል እያበደረ ነው።

የአፈሩን ጠባይ አለማወቅ
ድኝም አሞኒየም ሰልፌትም የአፈርን አሲዳማነት ይጨምራሉ። እንደ ቆጋ (በጎጃም የሚገኝ የመስኖ አካባቢ) ባለ፣ ቀድሞውንም አሲዳማ በሆነ ቀይ አፈር ላይ በየዓመቱ ሲደጋገሙ አሲዱን ለመቀነስ የሚበተን የኖራ ወጪ ያስከትላሉ። ጂፕሰም ይህ ጣጣ የለበትም፤ ኖራን ይተካል ብሎ መገመት ግን ስህተት ነው። በመካከለኛው አዋሽ ሶዲየም በበዛበት አፈር ላይ ደግሞ ጂፕሰሙ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ሰልፈር ይሰጣል፣ ሶዲየሙም በመስኖ ውኃ እንዲታጠብ ያግዛል።

በእጅ ያለውን መርሳት
ዳፕ የተባለውን ማዳበሪያ ተክቶ የመጣው ኤንፒኤስ 7 በመቶ ሰልፈር አለው። ሁለት ኩንታል የበተነ ገበሬ 14 ኪሎ ሰልፈር ሰጥቷል።

በሁለት ማሳ ሞክሮ መፍረድ
አንዱን ማዳበሪያ በራስ ማሳ ቦምቤ ሬድ ላይ፣ ሌላውን በጎረቤት ማሳ አዳማ ሬድ ላይ ሞክሮ «ይህኛው በለጠ» ማለት አይቻልም። ማሳውም ዝርያውም አንድ ይሁን፣ ናይትሮጅኑ ይስተካከል፣ አንድ መደብም ሰልፈር ሳይጨመርበት ይተው። ምርቱ በተነቀለ ዕለት ይመዘን፤ መጋዘን ከገባ ሁለት ወር ሲሞላው ደግሞ የበሰበሰው ተለቅሞ የቀረው እንደገና ይመዘን።