በረዶ ሲጥል ቤቱ የሚያፈሰው ለምንድን ነው?

ሱሉልታ፣ ቡራዩ ወይም እንጦጦ ግርጌ የሚኖር ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ብዙም ሳይቆይ ግቢው ነጭ ይለብሳል። ከዚያ ከኮርኒሱ ጥግ ጠብ፣ ጠብ ማለት ይጀምራል። "ቆርቆሮው ተበሳ!" ይባልና መሰላል ፍለጋ ይሮጣል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የቆርቆሮው ሳይሆን የአሸንዳው ነው።

ውሃው በግድግዳው ጥግ ከወረደ

አሸንዳው ተደፍኗል። በረዶው ብቻውን ቢሆን እየቀለጠ ይሄዳል። የመውረጃው ቱቦ አፍ ላይ የባህር ዛፍ ቅጠልና አፈር ካለ ግን በረዶው እዚያው ተጠቅጥቆ እንደ ውታፍ ይሆናል። ከጣሪያ ጫፍ ውጭ የተንጠለጠለ አሸንዳ ቢሞላ ወደ ግቢ ይፈሳል፣ ጉዳቱም ቀላል ነው። ችግሩ በፓራፔት (ከጣሪያው ጫፍ ከፍ ብሎ ቆርቆሮውን በሚጋርደው ግድግዳ) ውስጥ የተደበቀው፣ ወይም በዋናው ቤትና በሰርቪሱ መካከል ያለው ነው፤ እሱ ሲሞላ ውሃው የቆርቆሮውን ጫፍ አልፎ ኮርኒስ ላይ ይወርዳል። በ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,200 ሊትር ነው። አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሞልቶ ይተርፋል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ቱቦ ካልወጣ የት ይሂድ?

በረዶው እየጣለ ሳለ አይውጡ። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ የተበተነ በረዶ ጠጠር እንደ መርገጥ ነው፤ መብረቁም አለ። ከታች ሆነው የሚሠራ አለ፦ ውሃው ወደ አምፖል ወይም ማብሪያ ማጥፊያ ከተጠጋ ብሬከሩን ያጥፉ። ኮርኒሱ ውሃ ቋጥሮ ሆድ ካወጣ፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ባልዲ ደቅነው ዝቅ ያለውን ቦታ በቀጭን ነገር ይብሱት፤ ካልሆነ ሙሉ ኮርኒሱ ይወድቃል።

በረዶውን ለማቅለጥ ጨው መበተን ቆርቆሮውን ለዝገት ይዳርገዋል። አካፋና ዶማማ ቀዳዳ ያልነበረውን ጣሪያ ቀዳዳ ያበጁለታል። የፈላ ውሃ ይዞ መሰላል መውጣት ደግሞ ራስን ማቃጠል ነው። በሌላ አገር በረዶ ጣሪያ ላይ ወራት ይከርማል፤ የእኛው ግን ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ይቀልጣል። ትዕግሥት ነጻ ነው።

ቆርቆሮው ሲደርቅ ይውጡ። ወደ ቤቱ የሚገባውን የመብራት ገመድ አስቀድመው ይዩ፤ መሰላሉ እንዳይነካው። 4 ሜትር ለሚረዝም ግድግዳ የመሰላሉ እግር ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፣ ሰውም ይያዝልዎ። ጣሪያው ላይ የሚረገጠው ምስማር የተደረደረበት መስመር ነው፣ ከሥሩ ሞራሌ ስላለ። የቆርቆሮ ጫፍ ይቆርጣልና ጓንት ያድርጉ። ቅጠሉን በእጅ ወደ ባልዲ ያውጡት እንጂ በውሃ ወደ ቱቦው አይግፉት፤ መታጠፊያው ላይ ቢደፈን ዕዳው ይብሳል።

በረዶው ቀልጦም ውሃ አሸንዳው ውስጥ ከተኛ

አሸንዳው ጎብጧል። 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ አሸንዳ በውሃ ሲሞላ በአንድ ሜትር 22 ኪሎ ገደማ ይሸከማል፤ መያዣ ብረቶቹ ከተራራቁ ይሰምጣል። ሲባጎ ወጥረው ይለኩ፤ በ10 ሜትር ርዝመት ወደ ቱቦው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል መዝቀዝቀዝ አለበት። መያዣ መጨመር ርካሽ ነው።

ጠብታው ከክፍሉ መሃል ከሆነ

ያኔ ቆርቆሮውን ይጠርጥሩ። የምስማሩ ላስቲክ በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ምስማሩን ከነላስቲኩ ይቀይሩት። ሲልከን ብቻ መለጠፍ ለአንድ ክረምት ነው።

ጽዳቱ ከሰኔ በፊት ይሁን ይባላል፤ እኔ የካቲት ማለቂያ ላይ ይጀመር እላለሁ፣ የበልግ ዝናብም በረዶ ያመጣልና። የቱቦው አፍ ላይ ጠፍጣፋ ወንፊት የሚያስገጥሙ አሉ፤ ቅጠሉ እሱ ላይ ተነጥፎ ውታፉን ያፋጥነዋል። ጉልላት ቅርጽ ያለው ይሻላል። ፓራፔት ላለው ቤት ግን ከሁሉ የሚበልጠው፣ ከቆርቆሮው ጫፍ ዝቅ ባለ ከፍታ ፓራፔቱን በስቶ አጭር ቱቦ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ዋናው ቱቦ ሲደፈን ውሃው በዚያ ይፈሳል፤ እርስዎም ከመስኮት ሆነው አሸንዳው መደፈኑን ያውቃሉ። ቱቦው ወደ ጎረቤት ግቢ ብቻ እንዳይዞር።