የፓራሞተር ክንፍ አነዳድ፦ የቱ እጀታ መቼ ይሳባል?

ፓራሞተር ጀርባ ላይ የሚታዘል ሞተርና ከራስ በላይ የሚዘረጋ የጨርቅ ክንፍ ነው። መሪ የለውም፣ ፔዳል የለውም። ያለው ሁለት እጅና ጥቂት ገመድ ነው። እኔ የተማርኩት ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከአውሮራ በስተምሥራቅ ባለ ሜዳ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ “ግራውን ስቦ ወደ ግራ፣ ቀኙን ስቦ ወደ ቀኝ፣ ይኼ ደግሞ ምን ያስተምራል?” ብዬ ነበር። እውነትም መሳቡን በአንድ ቀን ለመድኩት። እጄን ማሳረፍ ግን ወራት ፈጀብኝ፣ አንድ ፕሮፔለርም አስከፈለኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ነገር መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ያለው ፓርት 103 የተባለው ደንብ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ባዶ ክብደቱ ከ254 ፓውንድ፣ ማለትም ከ115 ኪሎ ገደማ በታች የሆነ ሞተር ያለው መብረሪያ በቀን ብርሃን፣ ሰው ከሚበዛበት ሰፈር ውጭ እንዲበር ይፈቅዳል። ይህን ሰምተው ዕቃውን በኢንተርኔት ገዝተው በቪዲዮ የተማሩ ሰዎች አውቃለሁ። እግራቸውን ጠይቋቸው። ይህ ጽሑፍም አስተማሪ አይተካም፤ አስተማሪው የሚላችሁ ቶሎ እንዲገባችሁ ይረዳ ይሆናል። አገር ቤት ይዤ ልግባ የምትሉ ደግሞ ሲቪል አቪዬሽንን ሳትጠይቁ እንዳትሞክሩት።

1. ሞተሩን ትታችሁ ክንፉን ልመዱ

ሄልሜትና ጓንት አድርጋችሁ፣ በሰዓት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሚሄድ የተረጋጋ ነፋስ፣ ክፍት ሜዳ ላይ ክንፉን ብቻ ታጠቁ። ፊታችሁን ወደ ክንፉ አዙሩ፣ አንሱት፣ ከራሳችሁ በላይ አቁሙት፣ ወደ ወደቀበት በኩል እየተራመዳችሁ መልሱት። ይኸው ነው። አሰልቺ ነው። እኔም ሰልችቶኝ አስተማሪዬን “መቼ ነው የምበረው?” እያልኩ አስጨንቄዋለሁ። አሁን ሳስበው ከበረራዬ ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው። ክንፉ የት እንዳለ ሳታዩ በወገባችሁና በጣታችሁ ማወቅ የምትጀምሩት እዚህ ነው።

ነፋስ በርትቶ ከጎተታችሁ ወደ ኋላ አትታገሉ። ሁለቱንም ፍሬን፣ ማለትም በግራና በቀኝ እጃችሁ የያዛችኋቸውን ዋና እጀታዎች፣ እስከ መጨረሻው ስቡና ወደ ክንፉ ሩጡ። ገመድ እጃችሁ ላይ በፍጹም አትጠምጥሙ።

2. እጀታዎቹን ለዩ

ዋናው ፍሬን ከክንፉ የኋላ ጠርዝ ጋር የተያያዘ ነው። ስትስቡት ጠርዙ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ያ ጎን ይዘገያል፣ ክንፉም ወደዚያ ይዞራል። ሁለቱንም ስትስቡ ሁለንተናው ይዘገያል።

የጫፍ እጀታ ትንሽ ናት፣ ብዙ ጊዜ ኳስ መሳይ። የክንፉን ጫፍ ብቻ ትነካለች።

ትሪመር ክንፉን የሚሸከሙትን የኋላ ማሰሪያዎች የሚያሳጥርና የሚያስረዝም መቆለፊያ ነው። ስትዘጉት ክንፉ ይዘገያል፣ ስትከፍቱት ይፈጥናል። ስፒድ ባር ደግሞ በእግር የሚገፋ ዘንግ ነው፤ የበለጠ ያፈጥናል። ጀማሪ ባይነካው እመርጣለሁ። ነዳጅ መስጫው በአንደኛው እጃችሁ ውስጥ ነው፤ ከፍሬኑ ጋር አብሮ ይያዛል።

3. የፍሬኑን ገመድ ርዝመት እዩ

ክንፉ ከራሳችሁ በላይ ቆሞ እጃችሁ ወደ ላይ ተለቆ ሳለ የፍሬኑ ገመድ ላላ ብሎ ትንሽ ጎበጥ ማለት አለበት። ከተወጠረ ሳታውቁት ፍሬን ይዛችሁ ነው የምትበሩት። ሞተር ስትቀይሩ ደግማችሁ እዩ፤ ክንፉ የሚንጠለጠልበት ቦታ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል እጃችሁ የሚደርስበትም ይለወጣል። ያገለገለ ክንፍ ስትገዙ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት በራሱ እጅ ልክ አሳጥሮት ሊሆን ይችላል።

4. መነሳት

በነፋስ ፊት ቁሙ፣ ክንፉን አንሱ፣ ቀና ብላችሁ እዩት፣ ነዳጅ እየጨመራችሁ ሩጡ። ትሪመሩ የት መሆን እንዳለበት የክንፉ መመሪያ መጽሐፍ ይነግራችኋል። ክንፉ ተሸክሟችኋል ብላችሁ ቶሎ አትቀመጡ፤ እግራችሁ መሬት ለቆም ጥቂት ይሩጥ።

ከፍታ ላይ ላላችሁ አንድ ነገር። እኛ ያለንበት 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ቆላ ነው፤ ለክንፍ ግን ብዙ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ክንፉ እናንተን ለማንሳት ከባሕር ጠረፍ ይልቅ 8 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት። ሞተሩ ደግሞ በተቃራኒው ጉልበት ያጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ ቢሆን የክንፉ ፍጥነት ጭማሪ 12 በመቶ ያህል በሆነ ነበር። ስለዚህ ሩጫው ረዘም፣ ማረፊያውም ፈጠን ይላል።

5. የመጀመሪያዎቹ 30 ሜትሮች

እዚህ ላይ ነው የኔ ጉድ።

ሞተሩ ፕሮፔለሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዞር እናንተን ወደ ሌላው ያዞራችኋል። ሙሉ ነዳጅ ስትሰጡ ደግሞ ገላችሁ ወደ ፊት ይወነጨፋል፣ ክንፉ ከኋላ ይቀራል። ሁለቱም ጤነኛ ነገሮች ናቸው፤ የሚያስፈራው እጃችሁ የሚሰጠው መልስ ነው።

በሦስተኛው በረራዬ ከመሬት እንደተነሳሁ ወደ ግራ መዞር ጀመርኩ። ቀኙን ሳብኩ። ምላሹ ዘገየብኝ፣ ጨመር አድርጌ ሳብኩ። ከዚያ ምላሹ ሲመጣ ሁለቱም አንድ ላይ መጡ፤ ወደ ቀኝ ተወረወርኩ። ግራውን ሳብኩ። በአራተኛው ላይ ዥዋዥዌ ሆኜ ነበር። አስተማሪዬ በሬዲዮ “ሃንድስ አፕ! ሃንድስ አፕ!” ይላል። ፖሊስ ሲይዝ የሚላት ቃል ናት። ጆሮዬ ሰምቷል፣ እጄ ግን አልሰማም። በድንጋጤ ነዳጁን በአንዴ ለቀቅኩ። ነዳጅ በአንዴ ሲለቀቅ ክንፉ ወደ ፊት ይጠልቃል። እንደዚያው እየተወዛወዝኩ በጎኔ መሬት ነካሁ። ጉልበቴ ሁለት ሳምንት አበጠ፣ ፕሮፔለሩ ተሰባበረ፣ ከ300 ዶላር በላይ ሄደ።

ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነው። ነዳጁን ቀስ ብሎ ወደ ግማሽ መቀነስ፣ ሁለቱን እጅ ወደ ላይ ማንሳት፣ መጠበቅ። የጨርቅ ክንፍ ራሱን ችሎ መረጋጋት ያውቃል። ትንሽ መዞሩ ደግሞ ምን ችግር አለው? ፊት ለፊት ዛፍ ወይም የመብራት ሽቦ ከሌለ ዞር ይበል። መነሻ ቦታ ስትመርጡ ሞተሩ ወደሚያዞራችሁ ጎን ባዶ መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ።

አንድ የከፋ ነገርም አለ። ትሪመሩ ተዘግቶ፣ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶ፣ አንዱ ፍሬን ጠልቆ ሲሳብ ያ የክንፍ ጎን መብረር ያቆማል። ሌላው ጎን ይዞራችኋል። ከመሬት ቅርብ ላይ ከዚህ የሚያወጣ ብልሃት የለም።

6. መዞር

ወደምትዞሩበት እዩ፣ ክብደታችሁን ወደዚያ አጋድሉ፣ ከዚያ ጥቂት ፍሬን። በዚህ ቅደም ተከተል። ልጓም ጨብጦ የሚጎትት ሰው ፈረሱን ያሳብዳል እንጂ አይነዳም፤ ክንፍም እንደዚያው ነው።

7. የቱ እጀታ መቼ?

ለፓራሞተር ከሚሸጡት ክንፎች ብዙዎቹ ሪፍሌክስ የሚባሉ ናቸው። ትሪመሩ ሲከፈት የክንፉ የኋላ ጠርዝ ትንሽ ወደ ላይ ይቃናል፣ ሸክሙም ወደ ፊተኛው ክፍል ይሄዳል። በዚህ ሁኔታ ክንፉ ፈጣንና ጠንካራ ነው፤ የሚያናውጥ አየር ቢመታውም በቀላሉ አይታጠፍም። ሰው ሁሉ የሚወደው ለዚህ ነው።

አሁን ጠርዙ ወደ ላይ ተቃንቶ ሳለ ዋናውን ፍሬን ብትስቡ ምን ይሆናል? ያቃናችሁትን ጠርዝ ወደ ታች ታወርዱታላችሁ። ክንፉን ጠንካራ ያደረገውን ነገር በገዛ እጃችሁ አፈረሳችሁት፣ ፍጥነቱ ግን እንዳለ ነው። በዚያ ላይ አየሩ ሲመታው የፊቱ ክፍል ሊታጠፍ ይችላል። ከመደበኛ ፓራግላይደር፣ ማለትም ሞተር ከሌለው የጨርቅ ክንፍ፣ የመጡ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። እነሱ አየሩ ሲረበሽ ፍሬን ያዝ ማድረግ ለምደዋል፤ በነሱ ክንፍ ትክክል ነው። ትሪመሩ በተከፈተ ሪፍሌክስ ላይ ግን የሚያድነው እጅን ማንሳት ነው።

እኔ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ይኼ ነው። ትሪመሩ ተዘግቶ ከሆነ በዋናው ፍሬን እነዳለሁ። ተከፍቶ ከሆነ ዋናውን አልነካም፣ በጫፍ እጀታዋ ብቻ እዞራለሁ፤ የክንፉን መሀል ሳትረብሽ ጫፉን ብቻ ስለምትስብ። ስፒድ ባር የሚገፋ ሰው ከሆናችሁማ ያለ ጥርጥር ጫፏ ብቻ። ዋናውን ፍሬንና የጫፍ እጀታዋን በአንድ ላይ መሳብ ደግሞ እንዳትሞክሩ።

መሀል ላይ ያለው ትሪመርስ? እሱ እንደ ክንፉ ይለያያል፣ መመሪያውን አንብቡ። አንዳንድ አምራቾች በማሰሪያው ላይ ቀለም ያደርጋሉ። ካላደረጉ ራሳችሁ በማርከር ምልክት አድርጉ። 100 ሜትር ላይ ሆናችሁ “ከፍቼዋለሁ ወይስ ዘግቼዋለሁ?” ማለት ደስ አይልም። ሁለቱም ጎን እኩል መከፈታቸውንም እዩ፤ አንድ ቀን ሰማይ ላይ ሆኜ ክንፉን ስረግም ነበር፣ ለካ ግራውን ብቻ ነበር የከፈትኩት።

8. ክንፉ በአንድ ጎን ቢታጠፍ

ክብደታችሁን ወዳልታጠፈው ጎን ጣሉ፣ አቅጣጫ ለመያዝ ያህል ብቻ ፍሬን ንኩ። አብዛኛውን ጊዜ ክንፉ ራሱ ይከፈታል። ካልተከፈተና ከፍታ እያለቀባችሁ ከሆነ የመጠባበቂያ ፓራሹቱን እጀታ ሳብ አድርጋችሁ ወርውሩት። እጀታው የት እንዳለ ከመነሳታችሁ በፊት በየጊዜው በእጃችሁ ዳስሱ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰዓት መምረጥ ነው። ጀማሪ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታትና ከመግባቷ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ብቻ ይብረር። እኩለ ቀን ላይ መሬቱ ሲግል አየሩ እየፈላ ይነሳል፤ የኮሎራዶ ሜዳ በበጋ እኩለ ቀን የጀማሪ ቦታ አይደለም።

9. ማረፍ

100 ሜትር ላይ ትሪመሩን ዝጉ። ፊታችሁን ወደ ነፋሱ አዙሩ። 30 ሜትር ላይ ሞተሩን አጥፉ፤ አንዳንዶች እየሠራ ያርፋሉ፣ እኔ ግን ቢያደናቅፈኝ የሚዞር ፕሮፔለር ጀርባዬ ላይ ባይኖር ደስ ይለኛል። እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ክንፉ እንዲፈጥን ተዉት። ጀማሪ መሬት ሲቀርብ ፈርቶ ቀድሞ ይስባል፣ ክንፉም ፍጥነት አጥቶ ይጥለዋል። አንድ ወይም ሁለት ሜትር ሲቀር ሁለቱን ፍሬን አንድ ላይ፣ ቀስ በቀስ እስከ ታች ስቡና ሩጡ።

ሞተሩ ሳይቆም እጀታ ከእጃችሁ እንዳትለቁ። የተለቀቀ እጀታ ወደ ኋላ ይበራል፣ ፕሮፔለሩ ይጠመጥመዋል። ማሰሪያው ላይ ባለው ማግኔት መልሳችሁ ለጥፉት።

ክንፉን ስታጥፉ ሣሩንና አሸዋውን አራግፉ። ፌንጣ ካለ በተለይ አውጡት። ታሽጎ ከቆየ ጨርቁን ይበሳዋል።