ዋራንቲው ባለቀ ማግስት መኪናው ቢበላሽ

አሜሪካ መጥታችሁ የገዛችኋት መኪና ዋራንቲዋ (የአምራቹ የነጻ ጥገና ዋስትና) ካለቀ ወር ሳይሞላ ትራንስሚሽኗ (ካምቢዮዋ) ማስቸገር ጀመረ እንበል። ዲለሩ፣ ማለትም የአምራቹን መኪና የሚሸጠውና የሚጠግነው ድርጅት፣ «ጊዜው አልፏል» ብሎ ሺህ ዶላሮች ይጠራላችኋል። ብዙ አበሻ እዚህ ላይ በሆዱ እያዘነ ካርዱን ያወጣል። ቆይ፣ አትክፈሉ!

አምራቾቹ ዋራንቲው ካለፈ በኋላም ወጪውን በከፊል፣ አንዳንዴም በሙሉ የሚሸፍኑበት አሠራር አለ። ጉድዊል ይሉታል። ሕግ አያስገድዳቸውም፣ ማስታወቂያም አያስነግሩለትም። ለጠየቀ ሰው ነው የሚሰጠው፣ ይሉኝታ ያዘኝ ላለ ሰው ማንም ፈልጎ አይሰጠውም።

መጀመሪያ ግን ዋራንቲው እውነት ማለቁን አጣሩ፣ ምክንያቱም መኪና ያለው አንድ ዋራንቲ ብቻ አይደለም። በብዙዎቹ አጠቃላዩ 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነው፤ ለሞተርና ለትራንስሚሽን ደግሞ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል። ቀድሞ የደረሰው ይዘጋዋል። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ) እና የሞተሩ ኮምፒውተር በፌዴራል የጭስ ሕግ 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ድረስ ይሸፈናሉ። ሃዩንዳይና ኪያ ለሞተርና ለትራንስሚሽን የሚሰጡት 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ግን ለመጀመሪያው ባለቤት ነው፤ ያገለገለ የገዛችሁ ሙሉውን አትጠብቁ።

ቀጥሎ ባለ 17 ፊደልና አሃዙን የቪን ቁጥር (የመኪናውን መለያ) ኤንኤችቲኤስኤ (NHTSA) በሚባለው የመንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። ሪኮል (ለደህንነት ችግር አምራቹ መኪናውን ለጥገና የሚጠራበት) ካለ ዋራንቲ ኖረም አልኖረም ጥገናው በነጻ ነው። እዚያው ላይ አምራቹ ስለሚታወቁ ችግሮች ለዲለሮች የጻፋቸው ሰርቪስ ቡለቲኖችም አሉ። ቡለቲን ብቻውን ነጻ ጥገና አያስገኝም፣ ግን «ችግሩን እናንተም ታውቁታላችሁ» ለማለት ከእሱ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ በወረቀት አውጡትና ያዙት።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መካኒክ ወዳጃችሁ ከፈታታው በኋላ ጉድዊል መጠየቅ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ሳይነካ የዚያው ብራንድ ዲለር ጋ ወስዳችሁ ምርመራውን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ልጅ ትታችሁ የሰርቪስ ማናጀሩን አናግሩ። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም፦ «መኪናዬን በሰዓቱ ሰርቪስ አስደርጌያለሁ፣ ዋራንቲው ካለቀ ገና ወሩ ነው፣ ለአምራቹ የጉድዊል ጥያቄ አቅርቡልኝ።» በቃ። አይሆንም ካለ ማንዋሉ ላይ ወዳለው የአምራቹ ስልክ ደውሉና የጉዳይ ቁጥር ተቀበሉ፤ ያናገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ። እንግሊዝኛው ካልቀናችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ከሌላቸው የሚችል ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ።

መጮህ አይጠቅምም። ጠበቃ አቆማለሁ ማለት ደግሞ የባሰ ነው፤ ይህን ቃል ሲሰሙ ፋይሉን ወደ ሕግ ክፍል አዙረው ዝም ሊሏችሁ ይችላሉ። የምትጠይቁት ውለታ እንጂ መብት አለመሆኑን አትርሱ፣ ግን አንገት ደፍቶ መለመንም አይደለም፤ ደረሰኝ የያዘ ሰው ቀና ብሎ ነው የሚናገረው።

ስለ ደረሰኝ ካነሳን፣ ከ1975ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የዋራንቲ ሕግ ወዲህ ዘይት ሌላ ጋራዥ ስላስቀየራችሁ ብቻ ዋራንቲ ሊሰርዙባችሁ አይችሉም። ጉድዊል ግን ውለታ ስለሆነ ሁልጊዜ እነሱ ጋ ለሚመላለስ ደንበኛ እጃቸው ይፈታል። ዘይቱ ለመቀየሩ አንድም ወረቀት ከሌላችሁ፣ እውነቱን ለመናገር ተስፋው ትንሽ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «ዕቃውን እኛ፣ የእጅ ዋጋውን እናንተ» ዓይነት ነው። አንዴ ጨምሩ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከተስማማችሁም ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይስጧችሁ። ጨርሶ እምቢ ብለው ከኪሳችሁ ከከፈላችሁም ደረሰኙን አትጣሉት። አምራቹ በኋላ ያንኑ ችግር ሪኮል ካደረገው ቀድማችሁ የከፈላችሁትን ማስመለስ የሚቻልበት መንገድ አለ።