እባካችሁ «ሲንስ ቱ ይርስ» አትበሉኝ

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የምንጀምረው ሙቀቱ በረድ ሲል ነው። ፕረዘንት ፐርፌክት ኮንቲኒየስ (ቀድሞ ተጀምሮ አሁንም የቀጠለን ነገር የምንናገርበት የግሥ ጊዜ) የደረስን ሳምንት ግን እኔ አልበርድም።

አሠራሩን ሁሉም በቃሉ ይወጣዋል። ሃቭ ወይም ሃዝ፣ ቢን፣ ከዚያ አይኤንጂ። እሱን አልደግመውም።

የሚያቃጥለኝ «ሲንስ ቱ ይርስ» ነው። ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በአማርኛ «ከሁለት ዓመት ጀምሮ እየሠራሁ ነው» ብንል ማንም አይገላምጠንም። ስለዚህ «ከ» ያለበት ሁሉ ሲንስ ይመስለናል። ሲንስ የሚፈልገው ግን መነሻውን ነው፤ ሰኞን፣ መስከረምን፣ የተመረቃችሁበትን ቀን። ርዝመቱን ከቆጠራችሁ፣ ሁለት ዓመትም ይሁን ሦስት ሰዓት፣ ፎር ነው። «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ ፎር ቱ ይርስ።» አለቀ! ይህን ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት ሰሌዳው ይመስክር። አሁንም እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሲንስ ቱ ይርስስ?» የሚል አይጠፋም። አቦ፣ ተዉኝ!

«አይ አም ሊቪንግ ሂር ፎር ቴን ይርስ» የሚሉትን ግን እረዳለሁ። «ድሬ ስኖር አሥር ዓመቴ ነው» ከሚለው ውስጥ ያቺ «ነው» ወደ «አም» ትጎትታለች። «ሃቭ ቢን ሊቪንግ» በሉ።

ኖው (ማወቅ)፣ ላይክ (መውደድ)፣ ቢሊቭ (ማመን) እዚህ ቦታ አይኤንጂ አይወዱም። «አይ ሃቭ ኖውን ሂም» ይበቃል።

ስንቴ እንደሆነ ከተናገራችሁም ኮንቲኒየሱን ተዉት። አምስት ጊዜ ደውላችሁ ከሆነ «አይ ሃቭ ኮልድ ዩ ፋይቭ ታይምስ» ነው።

የዓመተ ምሕረት ነገርም አለ። በእኛ 2010 ሥራ የጀመረ ልጅ ለፈረንጅ ቀጣሪ «ሲንስ 2010» ካለ፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ልምድ በነፃ ጨመረ።

በሰዓት ደግሞ የተሸወድኩት እኔው ነኝ። ጀማሪ መምህር ሳለሁ አንድ የውጭ እንግዳ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ቀጠርኩ። አርፍዶ፣ ጠዋት ሦስት ተኩል ላይ መጣ። «አይ ሃቭ ቢን ዌይቲንግ ሲንስ ቱ ኦክሎክ» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። ሰዋስው አንድ እንከን የለውም። ሰውዬው ግን ክው አለ። የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ለእነሱ ኤይት ነው፤ እኔን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ የተገተርኩ አደረገኝ። ይቅርታ በይቅርታ ሆኖ ቁርስ ቤት ወሰደኝና ፉል ከነእንቁላሉ አዘዘልኝ።

ነገሩ የገባኝ ፉሉን ስጀምር ነው። አላረምኩትም።