በእንግሊዝ አገር ለልጃችሁ የመረጣችሁት ትምህርት ቤት ሳይደርሳችሁ ሲቀር

በሴፕቴምበር ሬሴፕሽን (ከአንደኛ ዓመት በፊት ያለው የመግቢያ ክፍል) ለሚገቡ ልጆች የካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ መልስ የሚመጣው ኤፕሪል 16 ነው። ቀኑ የሥራ ቀን ካልሆነ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ይደርሳችኋል። ኢሜይሉን ስትከፍቱ ከመረጣችኋቸው ውስጥ አራተኛው፣ አንዳንዴም ጭራሽ ያልጻፋችሁት ትምህርት ቤት ሊወጣ ይችላል። ብዙ ወላጆች በዚያች የድንጋጤ ሰዓት "ይህን አልፈልግም" ብለው ይመልሳሉ። ከስህተቶች ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው።

የተሰጣችሁን ቦታ ተቀበሉ። መቀበላችሁ በምትፈልጉት ትምህርት ቤት የተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ያላችሁን ተራ አይነካም፤ ይግባኛችሁንም አያዳክምም። እምቢ ካላችሁ ግን ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል፣ ካውንስሉም የድርሻዬን አድርጌያለሁ ሊል ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ሴፕቴምበር ሲመጣ ልጁ ያለ ትምህርት ቤት ይቀራል። መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ደብዳቤው ላይ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ዝም ማለትም አደገኛ ነው፤ መልስ ካልሰጣችሁ፣ ካውንስሉ አስታውሷችሁ ቦታውን ሊወስደው ይችላል።

ቀጥሎ ለምን እንዳልደረሳችሁ ማወቅ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ስንተኛ አድርጋችሁ እንደመረጣችሁት አያይም። ሁሉም አመልካቾች በትምህርት ቤቱ መስፈርት ይደረደራሉ፤ ከአንድ በላይ ትምህርት ቤት ከደረሳችሁ ካውንስሉ በምርጫችሁ ከፍ ያለውን ብቻ ይሰጣችኋል። ስለዚህ "አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ብጽፍ ግድ ይሰጡኛል" የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ለንደን ውስጥ እስከ 6፣ በሌሎች አካባቢዎች ቢያንስ 3 መጻፍ ይፈቀዳል፤ ባዶ የተተወ መስመር የባከነ ዕድል ነው። መስፈርቱ እንደ ትምህርት ቤቱ ይለያያል። ብዙ ጊዜ በካውንስል እንክብካቤ ሥር ያሉ ወይም የነበሩ ልጆች ይቀድማሉ፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ ውስጥ እህት ወይም ወንድም ያላቸው፣ ከዚያ ከቤት ያለው ርቀት ይመጣል። ዜግነትና የመኖሪያ ፈቃድ መስፈርት አይደሉም፤ በዚህ ምክንያት ቦታ መከልከል አይፈቀድም።

የእኛን ሰው በተለይ የሚጎዱ ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው የልደት ቀን ነው። እዚህ የትምህርት ዓመት የሚከፈለው በኦገስት 31 እና በሴፕቴምበር 1 መካከል ነው። ኦገስት 31 በእኛ ነሐሴ 25 ሲሆን ነሐሴ 26 ደግሞ ሴፕቴምበር 1 ነው። የልደት ወረቀቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ተጽፎ በግምት ከተተረጎመ፣ የአንድ ቀን ስህተት ልጁን በሙሉ ዓመት ወደፊት ወይም ወደኋላ ይጥለዋል። በማመልከቻው ላይ ያለው ቀን ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆኑን ዛሬውኑ አረጋግጡ።

ሁለተኛው ስም ነው። ልጁ የአባቱን ስም፣ አባት የአያቱን፣ እናት የአባቷን ይዛ በአንድ ቤት ሦስት የተለያየ "የቤተሰብ ስም" ይገኛል። የካውንስል ታክስ ሂሳቡ በአባት ስም ሆኖ ማመልከቻውን እናት ከሞላችው፣ አድራሻው አልተረጋገጠም ተብሎ ማመልከቻው ሊጓተት ይችላል። የልደት ወረቀቱን ከትርጉሙ ጋር፣ የኪራይ ውሉን ወይም የጊዜያዊ መኖሪያ ደብዳቤውን፣ እንዲሁም የስም አወጣጣችንን በሁለት መስመር የሚያስረዳ ማስታወሻ አያይዙ። ወንድሞችና እህቶች በተለያየ ስም ተመዝግበው ከሆነም ይህን ግልጽ አድርጉ፤ የእህትና የወንድም ቅድሚያ እዚህ ላይ ይጠፋል።

ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶችን ይመለከታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከካውንስሉ ማመልከቻ ሌላ ተጨማሪ ቅጽ አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ነው የሚመለሰው። ያንን ያልመለሰ ወላጅ ልጁ ሃይማኖት እንደሌለው ተቆጥሮ ዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ይወርዳል። በብዙ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች መስፈርት ውስጥ ደግሞ ለምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ልጆች፣ ኦርቶዶክሶችን ጨምሮ፣ የራሱ ምድብ አለ፤ ማስረጃው የክርስትና ምስክር ወረቀት ነው። ቅጹ ካመለጣችሁ ዘግይቶም ቢሆን ይቀበሉ እንደሆነ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ፤ ከተቀበሉ በተጠባባቂ ዝርዝሩ ላይ ያላችሁ ቦታ ሊሻሻል ይችላል።

አሁን ወደ ተጠባባቂ ዝርዝሩ። የሬሴፕሽን ወላጅ አብዛኛውን ጉልበቱን ማዋል ያለበት እዚህ ነው። ይህ እንደ ታክሲ ሰልፍ ቀድሞ የመጣ የሚቀድምበት አይደለም። የሚደረደረው በዚያው በትምህርት ቤቱ መስፈርት ስለሆነ አዲስ ልጅ በገባ ቁጥር እንደገና ይሠራል። ዛሬ 4ኛ የሆነ ልጅ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ሦስት ቤተሰብ ቢገባ ነገ 7ኛ ይሆናል። ማንም አድሎ ፈጽሞባችሁ አይደለም። በሌላ በኩል ሰው ቤት ይቀይራል፣ የግል ትምህርት ቤት ይመርጣል፣ አገር ይለቃል፤ ዝርዝሩ በሜይና በጁን፣ ደግሞም በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ቀናት ይንቀሳቀሳል። ስልካችሁና ኢሜይላችሁ ትክክል ይሁን፤ ቦታ ሲከፈት መልስ የሚጠበቀው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ቤት ከቀየራችሁ ወዲያው በማስረጃ አሳውቁ፤ ርቀታችሁ እንደገና ይለካል። በዚሁ አጋጣሚ ክፍት ቦታ ያላቸውን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ካውንስሉን ጠይቁና ደህና ከመሰላችሁ ዘግይታችሁ አመልክቱ።

አፒል የሚሉት ይግባኝ መብታችሁ ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም አያስፈልገውም። ቦታ ለከለከላችሁ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለየብቻ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ። የማስገቢያው ጊዜ ቦታ እንዳልተሰጣችሁ ከተነገራችሁበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 20 የትምህርት ቀናት ነው። ግን የሬሴፕሽን ይግባኝ ለምን እንደሚከብድ አውቃችሁ ግቡበት። በ1998 የወጣው የትምህርት ቤቶች ሕግ በሬሴፕሽን፣ በመጀመሪያና በሁለተኛ ዓመት አንድ መምህር የያዘው ክፍል ከ30 ልጅ በላይ እንዳይኖረው ይከለክላል። 60 ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ከሁለት መምህር ጋር አለው፤ ልጃችሁ 61ኛ ሆኖ ቢገባ ሦስተኛ መምህር መቅጠር ግድ ይሆናል። ስለዚህ "ለሥራዬ ይቀርበኛል"፣ "የጎረቤት ልጆች እዚያ ናቸው"፣ "ትምህርት ቤቱ ጎበዝ ነው" የሚሉት ምክንያቶች፣ እውነት ቢሆኑም፣ እዚህ ላይ አያሸንፉም።

የሚያሸንፉት ጠባብ ናቸው። ልጃችሁ ቢጨመር የ30ው ገደብ የማይጣስ መሆኑን ማሳየት አንዱ ነው። ሌላው፣ መስፈርቱ ራሱ ሕግን የሚጥስ ነው፣ ወይም በልጃችሁ ላይ በትክክል አልተሠራበትም፣ ባይሆን ኖሮ ቦታው ይደርሰው ነበር ማለት ነው። የመጨረሻው፣ ውሳኔው ማንም ምክንያታዊ አካል የማይወስነው ዓይነት ነው የሚለው ሲሆን፣ ይህ ከፍተኛ ደረጃ ያለው ክርክር ነው። በተግባር ተስፋ ያለው ስህተት ማግኘት ነው። ለዚህም ካውንስሉን በጽሑፍ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ልጄ በየትኛው ምድብ ተቀመጠ? ከቤታችን ያለው ርቀት ስንት ተብሎ ተለካ፣ ከየት እስከ የት? መጨረሻ ላይ ቦታ ያገኘው ልጅ ርቀት ስንት ነው? ያስገባሁት የሐኪም ደብዳቤ ታይቷል? ይግባኙን ለማዘጋጀት የሚያስፈልጋችሁን መረጃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የእናንተ 410 ሜትር ሆኖ የመጨረሻው ልጅ 450 ሜትር ከሆነ፣ ምድባችሁም አንድ ከሆነ፣ እጃችሁ ላይ ጠንካራ ነገር ይዛችኋል።

ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ግን ነገሩ ይለያል። የ30ው ሕግ ስለማይመለከታቸው ሰሚው ቡድን የትምህርት ቤቱን ችግርና የልጁን ፍላጎት ያመዛዝናል። እዚያ የሐኪም፣ የማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም የመምህር ደብዳቤ ክብደት አለው። ደብዳቤው ግን ልጁ ለምን በዚያ ትምህርት ቤት ብቻ እንደሚረዳ መናገር አለበት፤ "ልጁ አስም አለበት" ብቻውን ምንም አይሠራም።

የሚሰማችሁ ቢያንስ 3 ሰዎች ያሉበት ገለልተኛ ቡድን ነው። ቀጠሮው ቢያንስ 10 የትምህርት ቀናት ቀደም ብሎ ይነገራችኋል። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ወይም ካውንስሉ ለምን እንዳልቻለ ይናገራል፣ እናንተ ትጠይቃላችሁ፤ ቀጥሎ እናንተ ትናገራላችሁ፣ እነሱ ይጠይቋችኋል። ቅጹን ስትሞሉ አማርኛ ተርጓሚ እንደምትፈልጉ ጻፉ፤ ትልቁን ልጅ ለማስተርጎም አትውሰዱት። ሰዓቱንም በቁጥር ተጽፎ እዩት፤ የፈረንጅ 10 ሰዓት በስልክ በአማርኛ ሲነገር ጠዋት 4 ሰዓት ስለሚባል ሰው ተሳስቶ ያረፍዳል። ሌላኛውን ትምህርት ቤት ማጣጣል ጊዜ ያባክናል፤ የጻፋችሁትን ሦስት ነጥብ ብቻ ተናገሩ። ውሳኔው ትምህርት ቤቱንም እናንተንም ያስራል፤ ሁኔታው በጉልህ ካልተለወጠ በዚያው የትምህርት ዓመት ለዚያው ትምህርት ቤት ደግሞ ይግባኝ አይባልም። የአሠራር ስህተት ከነበረ፣ ለምሳሌ እንድትናገሩ ካልተፈቀደላችሁ፣ ለካውንስል ትምህርት ቤቶች እንባ ጠባቂው፣ ለአካዳሚዎች (የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ፣ ግን ካውንስሉ የማያስተዳድራቸው ትምህርት ቤቶች) የመንግሥት የትምህርት መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ይቀበላል።

በዓመቱ መካከል የደረሳችሁ ከሆነ ኤፕሪልን አትጠብቁ። ማመልከቻችሁ ቢበዛ በ15 የትምህርት ቀናት ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት። ቦታ ከጠፋ፣ ካውንስሎች የስደተኞችንና የጥገኝነት ጠያቂዎችን ልጆች ጨምሮ ቦታ ያጡ ልጆችን የሚያስገቡበት ፌር አክሰስ የሚባል አሠራር አላቸው፤ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ።

የተሰጣችሁ ትምህርት ቤት ሩቅ ከሆነ መጓጓዣውን ጠይቁ። ዕድሜው ከ8 በታች የሆነ ልጅ፣ የትምህርት ግዴታ ዕድሜ ላይ ከደረሰ፣ ቦታ ሊያገኝበት የሚችለው ቅርቡ ተስማሚ ትምህርት ቤት ከ2 ማይል ወይም 3.2 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ሲርቅ ነፃ መጓጓዣ ይገባዋል። ቅርቡን ትታችሁ ሩቁን ከመረጣችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም። የተጠባባቂ ዝርዝሩ ደግሞ ቢያንስ እስከ ዲሴምበር 31 መቆየት አለበት። ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ያጠፋዋል፣ አንዳንዱ እንደገና እንድትመዘገቡ ይጠይቃል፤ በኖቬምበር መጨረሻ ደውላችሁ አጣሩ።