የጉበት ካርቦክሲልኤስቴሬዝ ልኬት አልሆን ሲል

ካርቦክሲልኤስቴሬዝ ኤስተርን (የአሲድና የአልኮል ውህድን) በውሃ የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው። በሰው ላይ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። ሲኢኤስ1 ጉበት ውስጥ ሞልቷል። ሲኢኤስ2 ቤቱ በተለይ አንጀት ነው፤ ጉበት ውስጥም በመጠኑ አለ። ሲኢኤስ1 የኢንፍሉዌንዛውን ኦሴልታሚቪርና የደም ግፊቱን ኢናላፕሪል ያነቃል፤ የደም መርጋት መከላከያውን ክሎፒዶግሬል ደግሞ አብዛኛውን ያከሽፈዋል። ለዚህ ነው ላብራቶሪዎች ደጋግመው የሚለኩት። የሚያስቸግረውም ብዙ ጊዜ ጂኑ ሳይሆን የኛው አሠራር ነው።

ፕሮቲኑ አለ፣ ሥራው ግን የለም

የጂኑን ቅጂ የሚለካው ፒሲአር ጥሩ ነው። ፕሮቲኑን የሚያሳየው ዌስተርን ብሎትም 60 ኪሎዳልተን አካባቢ ወፍራም ባንድ ያሳያል። የኢንዛይሙ ሥራ ሲለካ ግን ባዶ። መጀመሪያ ጉበቱን የፈጫችሁበትን ባፈር (የአሲድነት መጠኑ የተጠበቀ ፈሳሽ) ጠርጥሩ። ፕሮቲን እንዳይበላሽ ተብሎ የሚጨመረው ፒኤምኤስኤፍ የሴሪን ፕሮቲዬዞችን (በሴሪን አሚኖ አሲድ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን) ንቁ ሴሪን ይዞ ያስራል። ካርቦክሲልኤስቴሬዝም የሚሠራው በሴሪን ስለሆነ አብሮ ይታሰራል። ዌስተርን ብሎት ደግሞ የታሰረውን ካልታሰረው አይለይም። ተዘጋጅተው ከሚሸጡት የፕሮቲዬዝ መከላከያ ቅይጦች ብዙዎቹ ኤኢቢኤስኤፍ አለባቸው፤ እሱም ያው ነው። የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳታነቡ አትጨምሩ።

መፍትሄው ቀላል ነው። ጉበቱን ሳትፈጩ ለሁለት ክፈሉት። ለዌስተርን የሚሄደው መከላከያው ይግባበት። ለሥራ ልኬት የሚሄደው ያለ መከላከያ፣ በረዶ ላይ፣ ቶሎ ቶሎ ይፈጭ።

ባፈሩ ንጹህ ከሆነ የጣላችሁትን ዝቃጭ አስቡ። ኢንዛይሙ የሚኖረው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በተባለው የሴል ውስጥ የሽፋን መረብ ውስጥ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት አሽከርክራችሁ ከላይ ያለውን ፈሳሽ ብቻ ከወሰዳችሁ ማይክሮዞሙን (የዚያን መረብ ስብርባሪ) ከነኢንዛይሙ ደፍታችሁታል።

ኢንዛይም የሌለበትም ቱቦ ቢጫ ይሆናል

ሥራውን ለመለካት ለኢንዛይሙ የሚሰጠው፣ ሲቆረጥ ቢጫ የሚሆነው ፓራ-ናይትሮፌኒል አሲቴት ርካሽ ነው፤ 405 ናኖሜትር ላይ ቢጫውን ማንበብ ብቻ። ግን ለማንም እጁን ይሰጣል። ባፈሩ ወደ አልካሊ ሲያዘነብል በራሱ ይፈርሳል። የደም አልቡሚን እንኳ ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ደሙ ያልታጠበ ጉበት ውጤቱን ያሳብጠዋል። ጉበቱን በቀዝቃዛ ሳላይን እጠቡ። ኢንዛይም የሌለበትን ቱቦ በየዙሩ ለኩና ቀንሱ። ከዚያ ናሙናውን ካርቦክሲልኤስቴሬዝን ከሚያግደው ቢስ-ፓራ-ናይትሮፌኒል ፎስፌት ጋር ቀድማችሁ አቆዩትና ድጋሚ ለኩ። በዚህ የጠፋው ሥራ ነው የካርቦክሲልኤስቴሬዝ። ሲኢኤስ2ን ለይቶ ለማየት እሱን የሚያግደው ሎፐራማይድ ይረዳል።

አንድ ነገር፦ ሰብስትሬቱን (ኢንዛይሙ የሚቆርጠውን ውህድ) በኢታኖል አታሟሙ። ሲኢኤስ1 አልኮል ካገኘ ውሃውን ትቶ አልኮሉን ይቀጥልበታል። የትኩረት ችግር መድኃኒቱ ሜቲልፌኒዴት ከአልኮል መጠጥ ጋር ሲወሰድ ኢቲልፌኒዴት የሚፈጠረው በዚሁ መንገድ ነው።

አይጥ ላይ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ወዲያው ይጠፋል

እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ብዙ ገንዘብ የሚፈስሰው እዚህ ነውና። የአይጥ ፕላዝማ (የደም ፈሳሹ ክፍል) ሲኢኤስ1ሲ የተባለ ካርቦክሲልኤስቴሬዝ ሞልቶበታል። ኢንዛይሙን ጉበት ሠርቶ ወደ ደም ይለቀዋል። የሰው ፕላዝማ ውስጥ ካርቦክሲልኤስቴሬዝ የለም ማለት ይቻላል። እናም በአይጥ ደም የሚፈርስ ኤስተር በሰው ደም ሊቆይ ይችላል። የቫይረስ መድኃኒቱ ሬምዴሲቪር በአይጥ ሲሞከር ተመራማሪዎቹ ይህ ጂን የተነቀለባቸውን አይጦች የተጠቀሙት ለዚህ ነው። የካንሰር መድኃኒቱ ኢሪኖቴካንም በአይጥ ደም ውስጥ ከሰው ይልቅ በጣም በቶሎ ወደ ንቁ ቅርጹ ይለወጣል።

መፍትሄ፦ ከእንስሳው ሙከራ በፊት መድኃኒቱን በአይጥና በሰው ፕላዝማ ጎን ለጎን ፈትኑት። ደም ስትቀዱም የኤስቴሬዝ ማገጃ ቱቦው ውስጥ ቀድሞ ይኑር፤ አለዚያ መድኃኒቱ መለኪያው ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

የጂን አገላለጽም (ጂኑ ምን ያህል ሥራ ላይ እንደሚውል) ከእንስሳ እንስሳ ይለያል። የስቴሮይድ መድኃኒቱ ዴክሳሜታዞን በራት (ከተራው የላብራቶሪ አይጥ በሚተልቀው ዝርያ) ጉበት የእነዚህን ኢንዛይሞች አገላለጽ ያወርዳል፤ በሰው የጉበት ሴል ግን በመጠኑ ከፍ ያደርገዋል። የራቱን ውጤት ይዞ ስለ ሰው መደምደም አያዋጣም።

ፒሲአሩ የማይታመን ቁጥር ይሰጣል

አይጥ 20 ያህል የካርቦክሲልኤስቴሬዝ ጂኖች አሉት። ክሮሞዞም 8 ላይ ተደርድረዋል፤ በጣምም ይመሳሰላሉ። አንድ ፕራይመር (ፒሲአሩ የትኛውን ጂን እንደሚያበዛ የሚመራ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ሁለት ሦስቱን አብሮ ቢያበዛ አይገርምም። ስሞቹም በ2010 ተቀይረዋል፤ በድሮ ጽሑፍ ሲኢኤስ3 የተባለው የአይጥ ጂን ዛሬ ሲኢኤስ1ዲ ነው። ሰው ላይ ደግሞ ሲኢኤስ1ን የሚመስል ሐሰተኛ ጂን (የማይሠራ የጂን ቅጂ) አጠገቡ አለ። ፕራይመሩን ቅደም ተከተሉ የሚለያይበት ቦታ ላይ አሳርፉ። የወጣውን ቁራጭም ቢያንስ አንዴ ሲኩዌንስ አስደርጉ።

በሳህን ያደገው ሴል ላይ አገላለጹ ወረደ

መድኃኒታችሁን አትውቀሱ። ከጉበት የወጣ ሴል ሳህን ላይ ሲቆይ የጉበትነት ባሕርዩን እያጣ ይሄዳል። የብግነት መልእክተኛው ኢንተርሉኪን-6ም አገላለጹን ያወርደዋል። መቆጣጠሪያው (መድኃኒት ያልተሰጠው ሴል) በዚያው ሰዓት የተሰበሰበ ይሁን።

ሁሉም ትክክል ነው፣ አንድ ለጋሽ ብቻ ሥራው ዝቅ ይላል

ኤምአርኤንኤው ደህና፣ ፕሮቲኑም ደህና ከሆነ በ2008 የተዘገበውን ለውጥ አስቡ። 143ኛው ግላይሲን በግሉታሜት ሲተካ ፕሮቲኑ ይመረታል፣ ሜቲልፌኒዴትን ግን አይቆርጥም ማለት ይቻላል። ያኔ ባፈሩን ተዉትና የለጋሹን ዲኤንኤ አንብቡ፤ ፕራይመሩ ሐሰተኛውን ጂን እንዳያነብላችሁ ብቻ ተጠንቀቁ።