ታዳጊው ከሱስ ሕክምና ሲወጣ የሚሠሩ ስህተቶች

ከሱስ ሕክምና የወጡ ታዳጊዎችን ለዓመታት ስከታተል ቆይቻለሁ። ልጆቹ ይለያያሉ። ቤተሰቦችና ጀማሪ አማካሪዎች የሚሠሩት ስህተት ግን ያው ነው።

የመውጫውን ቀን እንደ መዳኛ ቀን መቁጠር። ይሄኛው ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። ልጁ ከማገገሚያ ይወጣል። ፊቱ ተመልሷል፣ ይበላል፣ ይተኛል። የክትትል ቀጠሮ ሲነሳ «አሁንማ ድኗል፣ ምን ያደርግለታል?» ይባላል። ማታ ስልኩን ሲከፍት ግን «የት ጠፋህ?» የሚል መልእክት ይጠብቀዋል። የላከው አብሮት ሲያጨስ የነበረው ጓደኛው ነው። ክፋት የለበትም፤ ናፍቆት ነው። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። አዋቂ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገረሽበት ከፍቶት ወይም ተናዶ፣ ብቻውን ሲሆን ነው። ታዳጊ ላይ ግን በአብዛኛው የሚያገረሸው ከጓደኞቹ መሃል ሆኖ እየሳቀ ሳለ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ገና በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ መልሰው ይወስዳሉ። እና በዚህ ሰዓት ነው ልጁን ብቻውን የምንተወው?

አሜሪካ ውስጥ በተሞከረ አንድ አሠራር አማካሪው ልጁ እስኪመጣ አይጠብቅም። ከማዕከሉ ከወጣ በኋላ ለ90 ቀናት ራሱ ቤቱ ድረስ እየሄደ ያየዋል። እንዲህ የተደረገላቸው ልጆች ከሌሎቹ በተሻለ ክትትላቸውን ቀጥለዋል። ስለዚህ ቀጠሮው ልጁ ሳይወጣ፣ ቀንና ሰዓት ተቆርጦለት ይያዝ። «ከወጣ በኋላ እናያለን» ቀጠሮ አይባልም። ደግሞ «እነዚያን ጓደኞችህን ተዋቸው» ማለት ቀላል ነው። ከትምህርት ቤት መልስ እስከ እራት ያለውን ሰዓት በምን ይሙላው? እሱን አብራችሁት አስቡ።

አንድ ቀን ሲወስድ «በቃ፣ ሁሉም ገደል ገባ» ማለት። እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት ካናቢስ የሚጠቀሙ 600 ታዳጊዎችን በአምስት ዓይነት ሕክምና ተከታትሏል። ልጆቹ አጠቃቀማቸውን ቀንሰዋል። ያም ሆኖ ከዓመት በኋላ ብዙዎቹ ገና ችግር ነበረባቸው። መንገዱ ወጣ ገባ ነው። አምስቱ ሕክምናዎች ያመጡት ውጤትም ተቀራራቢ ነበር። እናም «ምርጡ ዘዴ የቱ ነው?» እያላችሁ ወራት አታባክኑ። ደህና ክትትል ያለውን ያዙ።

አንዲት እናት በልጇ ጃኬት ኪስ ውስጥ የሚወስደውን ዕፅ አገኘች። ያን ማታ ምንም አላለችም። በማግስቱ ልጇን አስቀምጣ «አልጮህብህም። ከመውሰድህ በፊት ምን ሆነህ ነበር?» አለችው። ፈተና ወድቆ መናገር ፈርቶ ነበር። በዚያው ቀን አብረው ለአማካሪው ደወሉ። ብትጮህበት ኖሮ የፈተናውን ነገር ማንም አይሰማም ነበር።

ከሱሱ ሥር ያለውን አለማየት። ድባቴ፣ ጭንቀት፣ ትኩረት ማጣት፣ የደረሰበት በደል። እነዚህ ካልታከሙ ልጁ መድኃኒቱን በራሱ መንገድ ይፈልጋል።

ልጁን አስገብቶ ዞር ማለት። ለታዳጊዎች ጥሩ ማስረጃ ካላቸው ሕክምናዎች አንዱ ቤተሰቡ አብሮ የሚቀመጥበት ነው። አባትም ይምጣ።

ማስፈራራት አይሠራም። ተዉት።

ሁለት ሦስት ጊዜ ካገረሸበት በኋላ «ይሄ ልጅ አይሆንም» ማለት። ይሄን ስሰማ ልቤ ይሰበራል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመና ከ1,200 በላይ አዋቂ ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት አለ። ከመጀመሪያው ሕክምና ተነስቶ ዓመት ሙሉ ከሱስ ነፃ እስከ መሆን ድረስ መሃል ላይ ያለው ታካሚ 9 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። መጠቀም በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ውስጥ የታከሙት ግን መንገዱ አጥሮላቸዋል። በ16 ዓመቱ ለሕክምና የመጣ ልጅ ቀድሞ ነው የመጣው። ዛሬ ቢያገረሽበትም ሕክምናው ባክኖ አልቀረም።

የመጨረሻው ሕይወት የሚያስከፍል ነው። እንደ ሄሮይን ያሉ ኦፒዮይዶችን ይወስድ የነበረ ልጅ ለሳምንታት ካቆመ በኋላ ሰውነቱ የድሮውን መጠን አይችልም። ያንኑ መጠን ከወሰደ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ይሄን ሳይወጣ ለራሱ በግልጽ ንገሩት። «ካስታወስነው ይጀምራል» ብላችሁ አትፍሩ። ናሎክሶን (ኦፒዮይድ ከመጠን በላይ ሲወሰድ የቆመውን ትንፋሽ የሚመልስ መድኃኒት) የሚገኝ ከሆነ ቤት ውስጥ ይኑር። አሰጣጡንም የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቅ።